የመጀመሪያው ኩባያ የዐቂል ነው

ብርዝ ማርና ውሃ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ቀላል ስለሆነም ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው። ውሃው ከፈላ የማሩ መዓዛ ይሞታል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ማሩ ሰፈፉን አይለቅም። የሚፈለገው ክርን ሲነከርበት የማይሸሸው ለብ ያለ ውሃ ነው። አንድ ጆግ ማር፣ አራት ጆግ ውሃ። በእጅ ታሽቶ ይሟሟል፣ በነጭ ሻሽ ሁለት ጊዜ ይጠለላል፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ለእንግዳ ይታደላል። ማደር አይወድም። በኮምቦልቻ ሙቀት በማግስቱ፣ በደሴ ብርድ በሦስተኛው ቀን አረፋ ያነሳል፤ አረፋ ካነሳ ወደ ጠጅነት መንገድ ጀምሯልና ለሙስሊም ሰርግ አይሆንም። ዙበይዳ ደሴ ሸርፍ ተራ ከሚገኘው ቤቷ ለሰርግ ብርዝ ማቅረብ ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። አረፋ ያነሳ ብርዝ ከደጇ ወጥቶ አያውቅም።

ሰፈሩ ግን ዙበይዳን አያውቃትም። «ብርዝ ከፈለጋችሁ ሐድራ ጋ ሂዱ» ነው የሚባለው። ዙበይዳ የሚለው ስም ያለው በመታወቂያዋና በንግድ ፈቃዷ ላይ ብቻ ነው። ሐድራ የሙሽራነት ስሟ ነው። የባሏ የዐቂል ዘመዶች የቆየ ልማድ አላቸው፤ ሙሽራዋ ደጃፍ ስትደርስ አማቷ በእጇ ብርዝ ታጠጣታለች፣ ሙሽራዋም ኩባያውን ሳትተነፍስ ስትጨርሰው አዲስ ስም ይወጣላታል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የድሮ ስሟን የሚያነሳ የለም። ስሙን ያወጣችው አማት ራሷ ካልመለሰችው በቀርም ከሙሽራዋ ላይ አይወርድም። የዛሬ ሃያ ዓመት እማ መሪየም ኩባያውን ከአፏ ተቀብለው፣ «ሐድራ ብዬሻለሁ፤ ቤቴን ዱዓና መንዙማ እንደሚደምቅበት ሐድራ አሙቂልኝ» አሏት። ዙበይዳ ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ብርዙ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ እያስጨነቃት «እሺ» አለች።

ዐቂል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቤት ባለ ቀን ብርዝ በተበጠበጠ ቁጥር የመጀመሪያው ኩባያ የሱ ነው። ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ ኩባያ ነበረው፤ ጓዳው መስኮት አጠገብ ቆሞ መንገዱን እያየ ይጠጣል፣ ጨርሶ የኩባያውን ጆሮ ወደ መንገዱ አዙሮ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር ነው።

«ማሩ በዛ፣ ሐድራ።»

«ናፍጣ በአፉ ሲስብ የኖረ ሰው ምላሱ ምን ያውቃል!» ትለዋለች።

በዚህ ይሳሳቃሉ። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሳቅ ግን አልነፈጋቸውም።

በ2014 ጥቅምት ከተማው በጦርነቱ ሲታመስ ዐቂል መኪናውን አስነስቶ ወደ ከሚሴ በኩል ወጣ። መኪናው ከወራት በኋላ ተቃጥሎ ከአስፓልት ዳር ተገኘ። እሱ አልተገኘም፤ ሬሳም፣ ጫማም፣ ወሬም።

ዙበይዳ ሥራ ያቆመችው ለአርባ ቀን ነው። ሰርግ አይቀርም፣ አብረዋት የሚኖሩት አማቷም መብላት አለባቸው። የመጀመሪያውን ብርዝ ስታጠልል እጇ ራሱ ሄዶ ሰማያዊውን ኩባያ ሞላና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ማታ እንደሞላ አገኘችው፤ አውጥታ ደፋችው። በየሥራው ቀን እንዲሁ ስታደርግ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ አንድ ማታ ኩባያው ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ጆሮው ወደ መንገዱ ዞሯል።

ዙበይዳ ጂኒ ጂኒ የምትል ሴት አይደለችም። መጀመሪያ ድመት አለች፤ ድመት ኩባያ አያዞርም። አማቷን ጠረጠረች፤ እማ መሪየም ግን ጉልበታቸው ታስሮ ከአልጋ ወደ ደጃፍ በከዘራ የሚሄዱ፣ መስኮቱ ደግሞ ከራሳቸው በላይ የሆነ አሮጊት ናቸው። በዚያ ላይ ስኳር በሽታ አለባቸው። ስለዚህ ለአማቷ «ባዶ ነው» ከማለት በቀር ዝም አለች። ዝም ማለቱ ደግሞ ለጀርባዋ አልተመቸም፤ ጓዳ ስትገባ ከበሩ በኩል ብርድ ይሰማት ጀመር። አንዳንድ ጎሕ ላይ፣ ብርዙ በሻሹ ውስጥ ሲንጠባጠብ፣ ከኋላዋ «ማሩ በዛ፣ ሐድራ» ሲል ትሰማዋለች። ጆሮዋን በጤና ጣቢያ አሳጠበች። ንጹሕ ሆነ፤ ድምፁም ይበልጥ ጠራ።

አራት ዓመት ሲሞላ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ዐቂልን እንደሞተ ቆጠረው። መበለት የምትጠብቀውን ጊዜ፣ ዒዳዋንም ጨረሰች። ባሽር የሚባል የቦሩ ሜዳ ማር ነጋዴ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ለዓመታት ማር ያቀበላት ሰው ሽማግሌ ላከ። ዙበይዳም ወደደችው፤ በስሟ የሚጠራት እሱ ብቻ ነው። ኒካሑ ግን ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ ሁለት ጊዜ ቀረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ምክንያት የፈጠረችው እሷ ናት። ወረቀቱ ሞቷል ይላል። ኩባያው ደግሞ ዛሬም መጥቶ ጠጥቷል ይላል። ባሏ ጓዳዋ እየገባ ብርዝ የሚጠጣ ሴት እንዴት አድርጋ ለሌላ ታገባለች? ስለ ኒካሑ ለአማቷም እስካሁን አልነገረቻቸውም።

በሚያዝያ አንድ እሁድ ጠዋት ኮምቦልቻ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ሰርግ ነበረባት። የመጀመሪያውን ኩባያ እንደልማዷ መስኮቱ ላይ አድርጋ ጀሪካኖቹን ከቤቱ ራቅ ብሎ በቆመው የባሽር ፒክአፕ ላይ ጫነች። ባሽር ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ተቀመጠ።

«ዙበይዳ፣ ኒካሑ የፊታችን ጁምዓ ነው፤ ጁምዓ ደግሞ ጁምዓ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ አልመልስም፤ እኔም ሰው ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ለእማ መሪየም ነገርሻቸው?»

«ዛሬ እነግራቸዋለሁ።»

«ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። አንዱ የሳቸው ነው ብዬሻለሁ። ይሄንንስ ነገርሻቸው?»

«ዛሬ አልኩህ እኮ!»

ይህን እያለች ነው ሻሹን መርሳቷ ትዝ ያላት። ሁለተኛው ማጥለል ኮምቦልቻ ሲደርሱ ነው፤ ያለ ሻሹ አይሆንም። ወርዳ በእግሯ ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። ጫማዋን አውልቃ ገባችና በጓዳው መጋረጃ ክፍተት አየች።

እማ መሪየም በርጩማ ላይ ቆመዋል። አንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዟል፣ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። ሰማያዊውን ኩባያ አፋቸው ላይ ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ይጨልጡታል። ሲጨርሱ ጠርዙን በሻርፓቸው ጠረጉ። ከዚያ ደፉ ላይ አስቀመጡትና ጆሮውን በአንድ ጣት ቀስ አድርገው ወደ መንገዱ አዞሩት።

ዙበይዳ ሳትታይ ወጥታ ሻሹን ከግቢው የልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ አነሳች። ባሽር ፊቷን አይቶ ሞተሩን አስነሳ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ ሻሹን ጭኗ ላይ ታጥፍ ትዘረጋ ነበር፤ ለዓመታት ስትፈራው የኖረችው ነገር ከዘራ ይዞ የሚሄድ ሆኖ ማግኘቷ ሊያስቃት ይገባ ነበር። አላሳቃትም። ዐቂል ለሁለተኛ ጊዜ የሞተባት ያህል ነው የከበዳት።

የሆቴሉ የመስተንግዶ ኃላፊ የምስራች የምትባል ናት፤ ሙያውን ተምራ የመጣች ፈጣን ልጅ። ለሰርግ የመክፈቻ መጠጥ ስትፈልግ ከዙበይዳ ጋር ተማክረው አንድ ነገር ፈጥረዋል፦ በረጅም ብርጭቆ ከታች ብርዝ፣ በላዩ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ተብሎ የሚፈስ ሎሚና ጋዝ ያለው ውሃ። የምስራች መጀመሪያ በብርሌ ይሁን ብላ ነበር፤ ዙበይዳ «ብርሌ የጠጅ ነው፣ እኔን ከሰው ታጣይኛለሽ» ብላ እምቢ አለች። ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ይቀርባል፤ ሙሽሮቹ ራሳቸው ያማስሉታል፣ ፎቶ አንሺዎች ይረባረባሉ።

«እትዬ ሐድራ፣ ሜኑው ሊታተም ነው። ስሙን ምን ልበለው? ሐድራ ብለው ደስ ይልሻል?»

«ቆዪ፣ እስከ ጁምዓ።»

«እሺ። ደግሞ አትቆጪኝ እንጂ… ጣፋጩ ትንሽ ይከብዳል መሰለኝ። እንግዳው ታችኛውን እየተወው ነው።»

«በአሥራ ስምንት ዓመት የጠጣው ሰው ሁሉ አልከበደውም!»

«አልኩሽ እኮ አትቆጪ!»

ዙበይዳ ሙሽሮቹ ሲያማስሉ ከጥግ ቆማ አየች። ማንኪያው አንዴ ሲዞር ወርቃማው ወደላይ፣ ነጩ ወደታች ሄደ፤ ሁለቴ ሲዞር አንድ ቀለም ሆነ። ከዚህ ወዲያ መለየት የለም። እሷስ ከሐድራ ላይ ምኗን ለይታ ነው ለጁምዓ የምትወስደው?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት ገባች። እማ መሪየም አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ተስቢሕ ይቆጥራሉ።

«አልሐምዱሊላህ፣ መጣሽ? ኩባያውን አየሽው?»

«አየሁት፣ እማ። ባዶ ነው።»

«እንግዲያው መጥቷል።»

«በርጩማ ላይ ቆሞ?»

የተስቢሑ ፍሬ ጣታቸው ላይ ቆመ። ዙበይዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«አይካዱኝ። ባለፈው የተለካው ሦስት መቶ አሥር ስኳር ከሰማይ አልወረደም። ለነርሷ ደግሞ ወላሂ ብለው ማሉላት!»

«ማር ይበላሉ ወይ አለችኝ፣ አልበላም አልኩ። ይጠጣሉ ወይ መቼ አለችኝ?»

ዙበይዳ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ ሞላ።

«ለምን፣ እማ? ሊሞቱብኝ ነው?»

አሮጊቷ ተስቢሑን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ሻርፓቸውን ጎትተው አስተካከሉ።

«መጀመሪያ ማታ ማታ ስትደፊው አይሽ ነበር። ሬሳ አጥበሽ የመጣሽ ነበር የምትመስዪው። እህል አትቀምሺ፣ ቃል አይወጣሽ። አንድ ቀን ጠጣሁት። ባዶውን ስታዪ ቀና አልሽ፤ ሁለት እንጀራ በላሽ። ይኸው፣ በዚያ ተጀመረ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያ ባሽር ማር አመጣሁ እያለ ሲመላለስ ፈራሁ። ኩባያውን እንደሞላ ካየችው ትሄዳለች አልኩ። አንቺ ከሄድሽ እኔ የማን ምን ነኝ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ሰው ደጄን የሚያውቀው የሐድራ አማት ብሎ ነው። ሌላ ስም ተርፎኛል?»

«ድምፁስ፣ እሱም እርስዎ ነዎት?»

«የምን ድምፅ?»

የዙበይዳ የክንድ ፀጉር ቆመ። ባልጠየቅኩ አለች። አሮጊቷ ግን ጎንበስ ብለው ፊቷን ያዙ።

«ምን ይልሻል? አፈር ስሆን ንገሪኝ።»

«ማሩ በዛ ይለኛል።»

እማ መሪየም ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። «እሱ ነዋ» አሉ። «እሱው ነው።»

ያኔ ዙበይዳ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጁምዓን፣ ሁለት ጊዜ የተመለሰውን ሽማግሌ፣ ሁለቱን ክፍል። እማ መሪየም ሰምተው ሲጨርሱ ስለ ክፍሉም ስለ ባሽርም አልተናገሩም።

«አንድ ነገር አለ» አሉ። «እኔ ስጠጣው ኖሬያለሁ። ግን እሱ እንዳልመጣ በምን አውቃለሁ? ሁልጊዜ ቀድሜው ነበር። ምናልባት እየመጣ ባዶ ኩባያ እያገኘ ቢመለስስ?»

ዙበይዳ ወደ ጓዳው መስኮት ዞረች።

«አንድ ጊዜ እንተውለት። አዲስ አድርጊና አስቀምጪ። አንቺም አትንኪው፣ እኔም አልነካውም።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ኩባያ ብርዝ ብቻ በጠበጠች፤ በዕድሜዋ እንዲህ ትንሽ በጥብጣ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን ምን እንደሚሆን በሙያዋ ታውቃለች። አልተናገረችም። ከማስቀመጧ በፊት ግን በኩባያው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ፣ ብርዙ የደረሰበትን ልክ በምስማር ጫፍ ጭራ ምልክት አደረገች።

ሰኞ እማ መሪየም አልጋቸው በጓዳው በር በኩል ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዲያዞር አስደረጉ። በሩን አስከፍተው ዋሉ። የሚያልፍ ባጃጅ ሁሉ ቤቱ ፊት የሚቆም መሰላቸው። ዙበይዳ ወጥ ስትሠራ ጀርባዋን ለመስኮቱ ላለመስጠት በጎኗ እየሄደች መሆኑን ልብ አለች፤ አፈረች፤ ግን አልተወችም። ማክሰኞ ከሰዓት ነፋስ መጋረጃውን ገልቦ አለፈና አሮጊቷ ጮኹ።

«ጎድሏል! አንድ ጣት ጎድሏል፣ ሐድራ!»

ዙበይዳ ሮጣ ደረሰች። ኩባያው ጠርዝ ላይ ሁለት ንቦች ቆመዋል። ጎንበስ ብላ ምልክቷን አየች። ብርዙ ጭረቱ ላይ ነው፤ ከዚያ ዝቅ አላለም።

«ንብ ነው፣ እማ። አልጎደለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምልክት አድርጌበታለሁ።»

ጎድሎ ቢሆን ምን ታደርግ እንደነበር አታውቅም። ባለመጉደሉ ደስ ይበላት ይክፋት አልለየላትም፤ ንቦቹን በእጇ ገፋች፣ ተመልሰው መጡ።

ሮብ ጠዋት፣ ፈጅር ተሰግዶ ብርሃን ሲወጣ፣ ኩባያውን አውርዳ ለአማቷ አመጣችው። በላዩ ላይ ነጭ አረፋ ቀለበት ሠርቷል። እማ መሪየም አፍንጫቸውን አስጠጉና ወዲያው ራቁ።

«ኮምጥጧል።»

«አዎ፣ እማ።»

«ይሄንን ዐቂል አይጠጣም። ስንት አገር ሲዞር፣ ስንት ሆቴል ሲያድር፣ አንድ ቀን አስካሪ በአፉ አላስነካም።» ኩባያውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «የሚመጣ ቢሆን አረፋ ሳያነሳ ይጠጣው ነበር።»

ከመንገዱ የመጀመሪያው ሚኒባስ ጥሩምባ ተሰማ። አሮጊቷ ዘወር ብለው አላዩም።

«ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። «ልጄ ዐቂል፣ አላህ ይዘንለት።»

በዚያ ቤት ዐቂል ተብሎ «አላህ ይዘንለት» ሲባል የመጀመሪያው ነው። አራት ዓመት ተኩል ሙሉ ሁለቱም ስሙን ሲጠሩ ጫፉን ክፍት ትተውት ኖረዋል። አሁን ተዘጋ። ዙበይዳ ግድግዳው ላይ ያለ ነገር ሁሉ የራቀ መሰላት፤ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው ኮቱ እንኳ ኮት ብቻ ሆነ።

«ድፊው» አሏት። ትንሽ ቆዩና፣ እንደ ሰው ዕቃ ጠንቀቅ ብለው፣ ያንን ሃያ ዓመት አፋቸው ያልገባ ስም አወጡት። «ድፊው፣ ዙበይዳ።»

ደጅ ካለው ግራዋ ሥር ደፋችው። ኩባያውን በሳሙና አጥባ ስትመለስ እማ መሪየም እጃቸውን ዘረጉ።

«ውሃ ቅጂበት። ስም ስሰጥሽ በብርዝ ነበር። አሁን ያ ነገር ለኔም አይሆነኝ፤ ባዶ ውሃ ሁለታችንንም አይጎዳም።»

ግማሹን ጠጡና ሰጧት። ዙበይዳ ሳትተነፍስ ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ አሮጊቷ እንባቸውን ጠርገው ወደ ነገራቸው ተመለሱ።

«ያ ሰውዬ ክፍሉ ፀሐይ ያገኛል?»

«ጠዋት ጠዋት ያገኛል።»

«እስኪ ለጊዜው እሄዳለሁ። ካልተስማማኝ ደግሞ አልቀመጥም፤ ንገሪው።»

«አብሽሩ፣ እነግረዋለሁ።»

ጁምዓ ጎሕ ሲቀድ ዙበይዳ ለራሷ ኒካሕ ብርዝ በጠበጠች። አንድ ጆግ ማር፣ አራት ጆግ ውሃ። ሻሹን በባልዲው አፍ ላይ ወጠረች፤ መንጠባጠቡ ጀመረ። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆማ ጠበቀች። ድምፅ የለም። ይመጣል ብላ እንደምትጠብቀው ያወቀችው ባለመምጣቱ ነው። የሻሹ ጠብታ ብቻ ይሰማል፤ ጸጥታው ከድምፁ ይልቅ አስፈራት።

እጇ ሄዶ ሰማያዊውን ኩባያ ሞላ። ወደ መስኮቱ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። የት ታድርገው? የሚጠጣው ማነው? አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ብርዟን በሽታና በጣቷ ስትለካ ኖራለች እንጂ የመጀመሪያውን ኩባያ ቀምሳ አታውቅም፤ የመጀመሪያው የሷ አልነበረም። እዚያው እንደቆመች አፏ ላይ አደረገችው።

ብርዙ ምላሷ ላይ ከበደ፤ እንደ ሙሽራነቷ ቀን ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ዋጠችውና ሳታስበው አፏ ተናገረ።

«ማሩ በዛ።»

የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። ከወዲያ ክፍል አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ።

«ማነው?» አሉ እማ መሪየም፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

«ማን ነሽ?»

«ዙበይዳ ነኝ።»

ከዚያ አልጋው እንደገና ተንቋቋ፤ አሮጊቷ ተመልሰው ተኙ። ዙበይዳ ጆጉን አንስታ ባልዲው ላይ አንድ ጆግ ውሃ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ቀመሰች፣ ግማሽ ደግሞ ጨመረች።